ለዋጃ ያወጣሁለት ስም

ቆቦ፣ የእህል መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ያለው ኮምፒውተራችን የጎብዬን፣ የቆቦንና የዋጃን መረጃ በአንድ ፋይል ውስጥ በየክፍሉ ለይቶ ያስቀምጣል። በኤስኪውኤል፣ በመረጃ መጠየቂያው ቋንቋ፣ በፋይሉ ስም ስጠይቀው ግን የሚያወጣልኝ የመጀመሪያውን ክፍል፣ የጎብዬን ብቻ ነበር። ዋጃ ማሽላ አብቅሎ የማያውቅ ይመስል! በንዴት ጦፌ ለምሳ ቤት ገባሁ።

አማቴ ከጓዳ በሙሽራ ስሜ ጠሩኝ። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ እዚህ ቤት አቤት የምለው በዚያ ስም ነው። ሲጠሩኝ መላው ብልጭ አለልኝ።

ከሰዓት ለዋጃ ክፍል ተለዋጭ ስም አወጣሁለትና በዚያው ስም ጠየቅሁ። የዋጃ ማሽላ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ።

ማታ ደስ ብሎኝ ለአማቴ ነገርኳቸው። ሳቁና «ስም ካወጣሽለትማ አማት ሆነሻል፤ እንግዲህ እኔ ያንቺን አመል እንደቻልኩ አንቺም የሱን ቻይ» አሉኝ።