በሴንቲሜትር የሚለካ ዝና

ሰኔ 4 ቀን የተጀመረው ሰንጠረዥ አልተሞላም፤ በእንደራሴ ዲቪናግራሲያ ስም ትይዩ ያለው ሳጥን ባዶ ነው።

ሰንጠረዡን የጀመረው ሰውዬ እዚህ ማኒላ፣ እኔ በምሠራበት የምክር ቤቱ ቤተ መዛግብት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ላይ የወጣውን የእንደራሴዎችን ዜና በማስመሪያ ሲለካ ኖሯል። ስሙን አላውቅም፤ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ የሚፈርመው «አንባቢ» ብሎ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነበር፤ ካልሲዎቹ ግን አንድ ዓይነት ሆነው አያውቁም።

«ጋሼ፣ እንደራሴን ጋዜጣ ላይ የሚያወጣው ያጸደቀው የሕግ ብዛት ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሽንት ነው» አለኝ ሳይስቅ። «መጸዳጃ ቤቱ ከጋዜጠኞቹ ክፍል ፊት ለፊት አይደል? ያ ፊኛው አልችል ያለው እንደራሴ በቀን ዘጠኝ ጊዜ ይመላለሳል፣ ዘጠኝ ጊዜ ይጠይቁታል። የኛዋ ዲቪናግራሲያ ግን መንደራችን ውኃ አስገብታ ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም። አንዲት ሴንቲሜትር እንኳ! ሳልሞት ስሟን ባየው ምናለ?»

ሰኞ ዕለት ማረፉን ሰማን። ማስመሪያውን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁትም። የመጨረሻ ጉዳዩ ያለፈው ዓርብ በጥበቃዎች መዝገብ ሰፍሯል፦ «አንባቢ፤ ለእንደራሴ ዲቪናግራሲያ፤ ሦስት ሳህን የተከተፈ ሐብሐብ። ከስብሰባው በፊት ደርሷል።»