የወይዘሮ አሰለፈች አራት መቶ ኮሶዎች

ለደብረ ታቦር ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪ፣ ለሹሙም ለባለሱቁም፣ ለቆመውም ለተቀመጠውም በሙሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር ስለ ዛፍ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ታውቆ እንዲያድር ተደንግጓል። ያም ሰው ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው። ቁመታቸው ከአካፋ እጀታ እምብዛም አይበልጥም። ማዕረግ የላቸውም፤ ማኅተም የላቸውም፤ ስብሰባ ላይ የሚደርሳቸው ወንበር እንኳ ከበሩ አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት ነው። ድንጋጌውን የጣሰ ሁሉ ቅጣቱ ቀላል ነው፤ የተከለው ይደርቅበታል።

ወይዘሮ አሰለፈች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ችግኝ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። አፈር፣ አሸዋና ፍግ ቀላቅለው ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ይሞላሉ፤ ይዘራሉ፣ ያጠላሉ፣ ያጠጣሉ፣ ያርማሉ። ስንት ሺህ ችግኝ በእጃቸው እንዳለፈ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ስንቱ ዛፍ እንደ ሆነ ግን አያውቅም፤ ቅጹ ላይ ያለው "ስንት ተተከለ" የሚል ብቻ ነዋ። በቅጹ ከሄድን ደቡብ ጎንደር እስካሁን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሆኖ፣ ሰው ገበያ የሚሄደው በመጥረቢያ መንገድ እየጠረገ በሆነ ነበር።

ይህ የመጨረሻ ክረምታቸው ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ጡረታ ሊወጡ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ በእግራቸው ሄደው ከለቀሙት ዘር አራት መቶ ኮሶ አፍልተዋል። ኮሶዎቹ የሚሄዱት ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላይ ወዳለው ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ ራቁቱን ከቀረ ወዲህ ከሥሩ ያለው ምንጭ ገና በጥር ይነጥፋል፤ ተማሪው ከደብተሩ ጋር ውሃም ተሸክሞ ይመጣል። ወይዘሮ አሰለፈች የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋታቸው ቆሞ የሚያዩት ይኑር። እዚያው ተዳፋት ላይ አምናም ካቻምናም የላኩት ሁሉ ደርቋል። ለምን እንደ ደረቀ በየዓመቱ ዐውደ ጥናት ይካሄዳል፤ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፤ ምክንያቱ ለከርሞ ይተላለፋል።

የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ መምህር ፈንታሁን ደግ ወጣት ነው። ጥፋቱ አካባቢን ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማሩ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለልጆቹ ጥቂት እንዲናገሩለት ወይዘሮ አሰለፈችን ለመናቸው። እሳቸውም ንግግር አላውቅም ብለው ዶማ ይዘው መጡ። ልጆቹን ወደ ተዳፋቱ አወጧቸውና አምና የተተከለ አንድ ደረቅ ችግኝ አሳዩዋቸው።

"ማን ገደለው?" አሉ።

የአራተኛ ክፍል ልጅ ለዚህ መልስ አያጣም። የአየር ንብረት ለውጥ ነው አሉ ባንድ ድምፅ። አንዱ የደን ጭፍጨፋን ጨመረ፤ ሌላው የሕዝብ ብዛትን። መምህር ፈንታሁን በኩራት አንገቱን ቀና አደረገ።

ወይዘሮ አሰለፈች ሁለት ጊዜ ቆፈር አድርገው ችግኙን ከነሥሩ መዘዙት። ጥቁር ላስቲኩን እንደ ለበሰ ወጣ። ላስቲኩን ሲቀድዱት ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፣ መውጫ አጥቶ፣ እዚያው ሲዞር ደርቋል።

"ይህን ያለበሰው የአየር ንብረት ለውጥ ነው?"

የባለሱቁ የሸሪፍ ልጅ፣ ሙና፣ ላስቲኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

"እትዬ፣ ሰው ነው" አለች። "ሲተክሉት ሳያወልቁለት ቀርተው ነው።"

እዚህ ላይ ለእንግዳ አንባቢ አንድ ነገር መንገር ግድ ይላል። ደብረ ታቦር ብርድ ናት። የእኛ ሰው ለብርድ ያለው ክብር ለዳኛ የለውም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጋቢውን አይጥልም። ችግኝ ሲተክልም አንጀቱ ይራራል፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ራቁቱን እንዴት ይግባ ብሎ ላስቲኩን ይተውለታል። ችግኙም በርኅራኄ ታፍኖ ይሞታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክበቡ ሥራ ያዘ። ላስቲኩን ከጎን ቀዶ አፈሩን ሳይበትኑ ማውጣት ቀላል አይደለም፤ ወይዘሮ አሰለፈች አሮጌ ላስቲክ ጭቃ እየሞሉ አለማመዷቸው። አፈሩን የበተነ ልጅ፣ ሕፃን ከእጅህ ጣልክ እየተባለ ተሳቀበት። የተቀደደውን ላስቲክ መሬት ላይ መተውም ክልክል ሆነ፤ የልጅ ልጆቻችሁን ጠብቆ ይቆያል ብለዋቸዋል።

ሐምሌ ገባና የተከላው ቀን ደረሰ። ትምህርት ቢዘጋም የክበቡ ልጆች ተጠርተው መጡ። ሹማምንቱም በአዲስ ኮፍያ፣ በአዲስ ቲሸርትና በሚያብለጨልጭ ጫማ መጡ። የዘመቻው አስተባባሪ አቶ ዓለምነው ስለ ትውልድና ስለ አደራ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያም አራት መቶው በአንድ ሰዓት እንዲያልቅ አዘዙ፤ ከምሳ በፊት ሌላ ቀበሌ ይጠብቃቸዋል። ካሜራው ተደገነ። አንድ ኮሶ አነሡ፤ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱትና አፈር ሊመልሱ ጎንበስ አሉ።

ወይዘሮ አሰለፈች ከሰልፉ ኋላ ሆነው አዩት። የጡረታ ወረቀታቸውን የሚፈርመው ይኸው ሰው ነው።

ሙና ግን ጡረታ የላትም። ብድግ ብላ ወደ ፊት ወጣች።

"ጋሼ፣ እንደዚያ ከተከሉት ይሞታል" አለች።

አቶ ዓለምነው ፈገግ አሉ፤ ካሜራ አለ። ብርድ እንዳይመታው ነው ብለው በትዕግሥት አስረዷት።

"ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ሁለት እግርዎን ፌስታል ውስጥ አስረው ይሄዳሉ?"

ሰልፉ ሳቀ፤ ባለካሜራውም ሳቀ። አቶ ዓለምነው ፊታቸው ቀላ፤ ይህችን ልጅ ያስተማራት ማን ነው ብለው ጠየቁ። መምህር ፈንታሁን ጫማውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰለፈች ሰልፉን ሰንጥቀው ወጡ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። አንድ ሰዓት አይበቃም። እርስዎ ወደ ቀጠሮዎ ይሂዱ፤ እኔና ልጆቹ እንጨርሰዋለን።"

ለሹም እንዲህ አይባልም። ለአቶ ዓለምነው ግን መና ወረደላቸው፤ ሪፖርታቸው አይጎድል፣ ጫማቸው አይቆሽሽ። ሙና እየቀደደች እያሳየቻቸው አንዷን ኮሶ እንደ ወጉ ተከሉ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ሄዱ። ልጆቹ ዝናብ እየወረደባቸው፣ እየተንሸራተቱና እየተሳሳቁ እስከ አሥር ሰዓት ተከሉ። ጋዜጣዊ መግለጫው ሥራው "በአመራሩ የቅርብ ክትትል" መከናወኑን ገለጸ።

አሁን ጥር ነው። ከአራት መቶው ሦስት መቶ ስድሳ አንዱ ቆመዋል። ወይዘሮ አሰለፈች ጡረታ ወጥተዋል፤ ወረቀቱም ተፈርሟል። ጧት ጧት ተዳፋቱ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ምን እንደሚሠሩ ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ምንም" ብለው ይመልሳሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ እናት ያበራል። ምንጩ ዘንድሮም ነጥፏል፤ ኮሶ በስድስት ወር ምንጭ አይመልስም። ፊት ለፊት የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ አሉ፤ ልጆቹ ዓርብ ዓርብ ከቤታቸው ውሃ በጠርሙስ እያመጡ ለየችግኛቸው ያጠጣሉ።

አንተስ፣ አንባቢ? ባለፈው ሐምሌ ኮፍያ አድርገህ፣ ችግኝ አቅፈህ፣ ጥርስህን አሳይተህ ፎቶ ተነሥተሃል፤ አይተንሃል። እስቲ ይህን ወረቀት አስቀምጥና፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዝና፣ የተከልክበት ቦታ የት እንደ ነበር ከጠፋህ ሰው ጠይቅና፣ ሄደህ...