ጋሼ የሚታየው ቀለም

ልብስ ሰፊዋ፣ አያቷ ያቆሙትን ቤት ብርቱካናማ ልትቀባው መሆኑን የሰማ ሁሉ ጉድ አለ። የግድግዳው ውፍረት ክንድ የሚያህል፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ከነጭ ኖራ በቀር ምንም ነክቶት የማያውቅ ቤት ነው። ጎረቤቷ «መዋዕለ ሕፃናት ልትከፍቺ ነው እንዴ?» ቢላት «አዎ፣ አንተን ነው መጀመሪያ የምመዘግበው» አለችው።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። እዚያው ቤት አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ ዓይኑ ደክሟል። ነጭ በነጭ በሆነው ቤት በሩና ግድግዳው አልለይ ብሎት ሁለቴ ወድቋል። ሴት ልጁ «አባዬ ከመኝታ ቤቱ እስከ ግቢ ብቻውን መውጣት ካቃተው በወሩ መጨረሻ እኔ ጋ ይገባል» ብላ ቆርጣለች። እሷ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋሼ ከዚህ ቤት ከወጣ ውሎ እንደማያድር ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። ሐኪሙ ታዲያ «ደማቅ ነገር አሁንም ይታየዋል» ብሏት ነበር፤ ያቺን ቃል ይዛ ተነሳች።

የጋሼን በር ብርቱካናማ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሰማያዊ አደረገችው። በየበሩ ዙሪያ በሲንጀር መኪናዋ የሰፋችው የሚመስል ወፍራም ዚግዛግ ዞረ። የኮሪደሩን ወለል ቢጫ ቀብታ፣ ሰሃን የሚያካክሉ ጥቁር የኮት ቁልፎች ሳለችበት። ስትጨርስ ራሷ በሥራዋ ተደነቀች፤ አርባ ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ እንዲህ ያለ ነገር እጇ ውስጥ መኖሩን አላወቀችም ነበር።

ጋሼ ከበሩ ወጣ። አንድ እግሩን አነሳና መለሰው።

«አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ምን በላው? ይሄ ሁሉ ጉድጓድ!»

ወሩ ሊያልቅ የቀሯት ሁለት ቀናት ብቻ ነበሩ። እያለቀሰች ቁልፎቹን በሙሉ በቢጫ ሸፈነችና ግድግዳው ላይ፣ በትከሻው ልክ፣ በቀይ ደግማ ሳለቻቸው።

ልጁ ባዶ ሻንጣ ይዛ ስትመጣ ሁለቱም ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁት። ጋሼ ብርቱካናማውን በር ከፍቶ፣ ቀያዮቹን ቁልፎች አንድ በአንድ በመዳፉ እየነካ፣ በቢጫው ላይ ረጋ ብሎ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«እንዲህ ማማሩን ሳላይ ልሞት ነበር እኮ» አለ።

ልጁ ሻንጣውን ጥላ እጁን ልትይዘው ሮጠች።

«ተይኝ፣ በሬን አውቀዋለሁ» አላትና ብቻውን ተመልሶ ገባ።