ቁጥቋጦን ጫካ ያልኩበት ሐሙስ

ሮም ውስጥ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት እንከባከባለሁ፤ እዚህ ባዳንቴ ይሉናል። ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው። አንድ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደወለች። ከቦረና የመጡ አንድ ሽማግሌ ስለ ግጦሽ መሬት ስብሰባ ላይ ሊናገሩ ነው፤ አስተርጓሚያቸው ታሟልና በእሱ ቦታ ሆነሽ አስተርጉሚላቸው አለች። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ስለ ከብት የማውቀው ነገር የለም። ቢሆንም ሄድኩ።

ሽማግሌው አማርኛ በደንብ ይናገራሉ። "ድሮ በየጥቂት ዓመቱ ደረቁን ሣር እናቃጥል ነበር" አሉ አዳራሹ ውስጥ። "እሳት ሲከለከል ቁጥቋጦው ሣሩን ዋጠው። አሁን ቁጥቋጦውን እየቆረጥን ነው።"

ቁጥቋጦ በጣሊያንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። "ቦስኮ" አልኩ፤ ጫካ ማለት ነው። አንዲት ሴት እጇን አውጥታ "ደኑን አቃጥላችሁ የቀረውን ደግሞ ትቆርጣላችሁ ማለት ነው?" አለች።

ጥያቄውን ስነግራቸው ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። "ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ጫካ አልኳቸው፣ አባባ። ቃሉን ስለማላውቀው ነው።"

"እንግዲያው አለማወቅሽን ንገሪያቸው።"

ፊቴ እየጋለ ነገርኳቸው። እሾሃም ነው፣ ብዙ ሆኖ ከአንድ ሥር ይወጣል አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው "ማኪያ!" አለ። እኔ ማኪያ ሲባል የማውቀው ከገበታ ጨርቅ ላይ የማስለቅቀውን እድፍ ነው፤ ቁጥቋጦም እንደዚያ እንደሚባል ያን ቀን ተማርኩ።

ሽማግሌው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በአጭር በአጭሩ፣ እኔን እየጠበቁ። ትልልቁን ግራር ለጥላ ይተዉታል። የቆረጡትን እሾህ በተራቆተው አፈር ላይ ያነጥፉታል፤ ከስሩ የሚበቅለውን ሣር ከብት እንዳይበላው። ቦታው ሁለት የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ ይዘጋል። ሴትየዋ ማስታወሻ ስትይዝ አየሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም፤ እኔም ከሷ አልጠበቅሁም።

ስንወጣ ረጅም እጀታ ያለው የቅርንጫፍ መቁረጫ ፈለጉ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለ ፌራሜንታ፣ የብረታ ብረት ሱቅ፣ ወሰድኳቸው። ሦስት መቁረጫ እየከፈቱ እየዘጉ ሞክረው አንዱን ገዙ። በማግስቱ ወደ ቦረና ተመለሱ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ በልጃቸው ስልክ ድምፃቸውን ላኩልኝ። "ከላይ ያለው ቦታ ሣር ይዟል፤ ጥጆች ገብተውበታል። የታችኛውን ዝናብ አልደረሰውም፣ እሾሁ እንደገና አቆጥቁጧል። እንቆርጠዋለን።"

ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አሮጊቷ ድምፁ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አንድ ከብት አርቢ አልኳቸውና መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው።