ሌሊትን የሚቀበሉት ሚስተር ራኦ

ትናንት ከሥራ ስገባ የክፍሌ አምፖል ተቃጥሎ ጠበቀኝ። አዲሱን ከካርቶኑ ሳወጣ መስኮቱ ላይ ገና ትንሽ ብርሃን ነበር። አምፖሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ ደንዉዲ ከተማ በነበረው የአረጋውያን መጦሪያ፣ ክፍል ቁጥር ስድስት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሚስተር ራኦ፣ ልጃቸው ሚራ፣ አለቃችን ሲስተር ዘነበች፣ የሥራ ባልደረባዬ ቤቲ፣ እና እኔ። ጥቅምት ነበር። ከመስኮቱ ፊት ያለው ዛፍ ቀልቷል፤ ኮሪደሩ የምስር ሾርባና የሳኒታይዘር ሽታ ተቀላቅሎበታል። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር።

ሚስተር ራኦ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው የአገራቸው የሕንድ ቋንቋ ብቻ ቀርቶላቸዋል። ሲመሽ መብራት ማብራት የእኔ ሥራ ነው። ባበራሁ ቁጥር እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው ያለቅሳሉ። ጨለማ የፈሩ መስሎኝ የራስጌውንም መብራት እጨምርላቸዋለሁ፤ የጨለማው ኃይል ከክፍሉ እንዲወጣም በልቤ እጸልያለሁ። ሌሊት የጠላት ሰዓት ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግኩ።

ያን ቀን ሚራ ቀደም ብላ መጣች።

“እባክህ አታብራ” አለችኝ። “አባቴ ሌሊትን ሊቀበላት ነው።”

ከጥንት መዝሙሮቻቸው መካከል ለሌሊት የሚዘመር እንዳለ ነገረችኝ። ሌሊት አምላክ ናት፤ የንጋት እኅት። ከዋክብት ዓይኖቿ ናቸው። ተኩላና ሌባን ታርቃለች፤ ሰውም ወፍም እሷ ዘንድ ያርፋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነበር፦ ጨለማን የምታባርረው ራሷ ሌሊት ናት። እኔ ሳባርር የከረምኩት ማንን ነበር?

“አምስት ደቂቃ ብቻ” አለች ሚራ።

ፈቃድ ለመጠየቅ ሲስተር ዘነበችን ጠራናቸው።

“ሲስተር፣ ላይክ፣ አምስት ደቂቃ እኮ ነው!” አለች ቤቲ፣ እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች።

“ላይክሽን ይዘሽ ወዲያ! ሲመሽ መብራት ይበራል፤ ሕግ ነው። ቢወድቁስ?” ወደ እኔ ዞሩ። “ናቲ፣ አብራ የኔ ልጅ።”

ክፉ ሴት አልነበሩም። ለሚስተር ራኦ ሾርባውን በማንኪያ የሚያቀምሷቸው እሳቸው ነበሩ።

አበራሁ። ከዚያ መጋረጃውን ልዘጋ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቤቲ የራት ትሪውን አነሣች፤ ሲስተር ዘነበች በር ላይ ሆነው ሚራን ያግባባሉ። ከአልጋው እስከ ማብሪያው አራት እርምጃ ነው፤ በኋላ ለክቼዋለሁ። ዞር ስል ሚስተር ራኦ ሦስቱን ሄደዋል። ጣታቸው መብራቱን አጠፋው፣ ወዲያውም ወደቁ። አምስት ሰው ባለበት ክፍል አንድም እጅ አልደረሰላቸውም።

ወለሉ ላይ እንደ ተጋደሙ መዘመር ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

“አብራ እንጂ!” አሉ ሲስተር ዘነበች።

“እባክህ፣ ይጨርስ” አለች ሚራ።

እኔ መጋረጃውን እንደ ጨበጥኩ ቆሜ ነበር።

አምቡላንስ ወሰዳቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ወደ ክፍል ቁጥር ስድስት አልተመለሱም።

ትናንት ክፍሌ ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም ተቀመጥኩ። መዝሙሩን አላውቀውም፤ የኔም አይደለም። አምፖሉን ግን ዛሬም አልቀየርኩትም። የሾርባውን ዓይነት፣ የእርምጃውን ቁጥር ሳስታውስ አንድ ነገር ብቻ ጠፍቶብኛል። ቤቲ፣ ሲስተር ዘነበች፣ ሚራ፣ ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፦ መብራቱን መልሶ ያበራው ማን ነበር? ሲበራስ መዝሙሩ አልቆ ነበር? እኔም ከሆንኩ አትደብቁኝ።