የመጣ መኪና

እትዬ ሃሎ የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አይደለም። መናኸሪያው ውስጥ የእሳቸውን ክፍልና የእኔን የትኬት መስኮት የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከወዲያ በኩል «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ ስለምሰማ ነው። ስሙ ጆሯቸው የገባ ዕለት «አንተ ደግሞ የሥራህን ይስጥህ» ብለው ሳቁ።

ሥራቸው መንገድ መጠየቅ ነበር። አገር እንዲህ ሳይሆን በፊት የመለዋወጫ ዕቃ ይመዘግቡ ነበር። ሰው ወጥቶ መቅረት ሲጀምር ግን አለቆቻችን አንድ ስልክና አንድ ወንበር ሰጧቸውና አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት መንገዱን እንዲያጣሩ አዘዟቸው። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ንቁ ይሁኑ» የሚል ትልቅ ወረቀት ለጠፉ። ነቅተን ምን እንደምናደርግ አልጻፉበትም። እንግዲህ በእኛ በኩል የነበረው ጥበቃ ይኸው ነው፤ አንድ ወረቀትና አንዲት ሴትዮ።

ሴትዮዋ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። በየከተማው ሰው ነበራቸው። አንዱ ማደያ ውስጥ ነዳጅ ይቀዳል፤ አንዷ ሻይ ቤት አላት፤ ከሁሉም ርቆ፣ ከጫካው ማዶ ድልድዩ አጠገብ፣ አንድ ጎሚስታ አለ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ጎማ ሲለጥፍ ስለሚውል የሚያልፈው ሁሉ አያመልጠውም። የእትዬ ሃሎ ሕግ አንድ ነው፤ ማንንም «ሰላም ነው?» ብለው አይጠይቁም።

«ሰላም ነው ያልኸው ሰው ቤቱ እየነደደ እንኳ ሰላም ነው ይልሃል» ይሉኝ ነበር። «አፋችን ለምዶበታል።»

ስለዚህ ስልኩ እንደተነሳ፣ እንዴት አደርክ እንኳ ሳይሉ፣ «የመጣ መኪና አይተሃል?» ይላሉ። አየሁ ካለ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ቀለሙን ይጠይቃሉ፤ ሰዓቱን ይጠይቃሉ። አላየሁም ካለ አውቶቡሱ አይነቃነቅም። ሾፌር ቢሳደብ፣ ተሳፋሪ መስኮቴን ቢደበድብ፣ መልሳቸው «ከመቅረት መዘግየት» ነው። ስንቱ ሰላምታ የማታውቅ ሴት እያለ አምቷቸዋል። እኔም አምቻለሁ። በአራት ዓመት ግን እሳቸው ሂድ ካሉት አውቶቡስ አንድም አልቀረም ነበር።

ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ነርስነት ተምራ እንደጨረሰች ከድልድዩ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ደብዳቤው ቀን ቆርጧል፤ እስከዚያ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች፤ ሦስቱንም ቀን እናቷ «የመጣ መኪና የለም» ብለው መለሷት። በሦስተኛው ቀን መስኮቴ ሥር ቆማ አለቀሰች። ጣውላው ስስ ነው ብያለሁ፤ እናቷም ሰምተዋል።

አራተኛው ቀን የደብዳቤው ቀን ነበር። ጠዋት ማደያውም ሻይ ቤቱም መኪና አይተናል አሉ። የቀረው ጎሚስታው ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል፤ እኔ ትኬቷን ቆርጬ በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስልኩ እየጠራ ሳለ ልጅቷ ሳቅ አለች።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ መጀመሪያ ሰላም በይው። ሚስቱ ሆስፒታል ገብታለች አላልሽኝም? ሰው እኮ ነው።»

እትዬ ሃሎ ያፈሩ መሰለኝ። ስልኩ ተነሳ።

«ሰላም ነው?» አሉ።

«ሰላም ነው እትዬ፣ ተመስገን» የሚለው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ደግመው ደወሉ፤ አይጠራም። አሁንም ደወሉ፤ አይጠራም። ሾፌሩ አንገቱን በበሩ አስግጎ «እህስ?» አለ። እትዬ ሃሎ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩአት። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔም አውቀዋለሁ፤ አራት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ተመልሳ መስኮቴ ሥር ስታለቅስ ማየት አልፈለግኩምና ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ሰላም ነው ብሏል» አሉ እትዬ ሃሎ።

ትኬቷን ሰጠኋት።

አውቶቡሱ የሻይ ቤቷን ከተማ በደህና አለፈ። ድልድዩ ጋ አልደረሰም። ከሦስት ቀን በኋላ ጫካው ውስጥ በሮቹ እንደተከፈቱ ባዶውን ተገኘ፤ የልጅቷ ሻንጣ ከነገመዱ ጣሪያው ላይ ነበር። አርባ ሰው የት እንደገባ የነገረን የለም። ጠየቅን፤ እየተጣራ ነው ተባልን። አሁንም እየተጣራ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ጎሚስታው መጣ። እጁ ላይ የጎማ ጥቁር እንዳለ ነው። እትዬ ሃሎ ፊት ቆሞ አቀርቅሮ ተናገረ።

«እትዬ፣ እኔን የጠየቁኝ መስሎኝ ነው። ሚስቴ ተሽሏት ነበር። ከዚያ እንደ ወትሮዎ የመጣ መኪና አይተሃል ይሉኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። የለም ልልዎት፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድም የለም ልልዎት።»

«እንኳን ተሻላት» አሉት።

አለቆቻችን ስልኩን ወሰዱና አዲስ «ንቁ ይሁኑ» ለጠፉ፤ ፊደሉ ከበፊቱ ይተልቃል። እትዬ ሃሎ አሁን ሥራ የላቸውም፤ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ወንበራቸውን አውቶቡስ በሚገባበት በር ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ይቀመጣሉ። እኔ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ እጅ እነሳለሁ እንጂ አፌን አልከፍትም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ትናንት ጠዋት የትኬት ጥራዜን ታቅፌ እየተጣደፍኩ ሳለሁ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ ሰላም ነው?»

ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።

«የመጣ መኪና አላየሁም» አሉኝ።