የእትዬ ብርቄ ዘፈን

ገና ልጅ እያለሁ፣ ወሰን ሰፈር ከነበረው ግቢያችን ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ነበሩ። መብራት ሲጠፋ እኔና እህቴ ከሰል ምድጃቸው አጠገብ እንኮለኮልና፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን ተረት አውሩልን እንላቸዋለን። ያኔ ደጋግመን የምንለምናቸው ግን ተረት አልነበረም፤ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ፣ ዘምቶ ለቀረው እጮኛቸው ስላወጡት ዘፈን እንዲነግሩን ነበር።

«ቁልቁለቱ ላይ አረፍ ብለን እኔ ሳንጎራጉር» ይሉናል ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ «አንድ ክላርኔት የያዘ ሰው ቆሞ ሰማኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በዓመቱ በሬዲዮ ሰማሁት።»

ዘፈኑን የማያውቅ አልነበረም። ግጥሙ የኔ ነው የሚሉ ሁለት ሰዎች ለዓመታት ሲወዛገቡበት ኖረዋል፤ የእትዬ ብርቄን ስም ግን ያነሳ የለም።

አድጌ ጉርድ ሾላ ሥራ ስይዝ፣ መብትዎን እናስከብር ብዬ የገፋፋኋቸው እኔ ነኝ።

«ምን ያደርግልኛል ልጄ?» አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

የሄድንበት ቢሮ ያለችው ሠራተኛ በትህትና «በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር አለዎት? ወይ ምስክር?» አለቻቸው። እትዬ ብርቄ ፊደል አልቆጠሩም። አብረዋቸው እንጨት ከተሸከሙት መሃል ደግሞ በሕይወት የነበሩት እማማ ጥሩነሽ ብቻ ነበሩ።

እንጦጦ ወጥተን፣ ልጃቸው ቤት በራፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። የመጣንበትን ስነግራቸው ግን እማማ ጥሩነሽ ግራ ገብቷቸው ጓደኛቸውን አዩ።

«እሷን ዘፈን እኮ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ለሟቹ ባሌ» አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ተንኮልም አልነበረም። «አንቺማ ትቀበይኝ ነበር። ረሳሽው እንዴ ብርቄ?»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታክሲው ስንወርድ፣ «ከእጮኛዬ የቀረችኝ እኮ ያቺ ዘፈን ብቻ ነበረች» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ተነስተው ይወጣሉ። ለመከራከርም፣ ለማልቀስም አቅሙ አልነበራቸውም። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ፤ ለቅሶው ላይ ስለ ዘፈኑ ያነሳ ሰው አልነበረም። እማማ ጥሩነሽም ብዙ አልቆዩም።

ሁለቱም ውሸታም አልነበሩም። ማን እንደተሳሳተ ዛሬም አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። ያንን ዳገት ባልወጣነው ኖሮ እትዬ ብርቄ ዘፈኑ የራሳቸው እንደሆነ እያመኑ ይሞቱ ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። አሁን ልጄ ያኔ እኔ በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት፣ ከመተኛቷ በፊት ታሪክ ንገሪኝ ትለኛለች። ብዙ ነግሬያታለሁ። ይህን ግን እስካሁን አፌ ላይ አምጥቼ እውጠዋለሁ።